ክፍተቱ ስንት ይሁን? ልከኝነት በእስክሪብቶ ጫፍ፣ በሞተር፣ በንብ ቀፎና በካሜራ

አንድ ተራ እስክሪብቶ አንሡና ጫፉን ወደ ብርሃን ያዙት። የምትታየው ነጥብ በብረት ከንፈር ተይዛ የምትሽከረከር ኳስ ናት፤ ስፋቷ ከጎን እስከ ጎን አንድ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። እየዞረች ከውስጥ ቀለም ትቀባና ወረቀቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ለመዞር በእሷና በከንፈሩ መካከል ክፍተት ያስፈልጋታል። ክፍተቱ ከጠበበ ኳሷ ትነክሳለች፣ ወረቀት ትቧጭራለች፣ ቀለም አይወርድም። ከሰፋ ቀለሙ ኪስ ውስጥ ይፈሳል። እስክሪብቶ በጫፉ ወለል ላይ ወድቆ መጻፍ ሲያቆም ቀለሙ ተበላሸ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸው ያ ቀጭን ከንፈር ነው። ተጣሞ ክፍተቱን ዘግቶታል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ቻይና በዓመት ከ30 ቢሊዮን በላይ እስክሪብቶ እየሠራች፣ የጫፉን ብረት ግን ለዓመታት ከውጭ ስታስገባ ኖራለች። ጠቅላይ ሚኒስትሯ የነበሩት ሊ ከቺያንግ ነገሩን በአደባባይ አንስተው ቅር እንደተሰኙ ተናግረዋል። የታይዩዋን የብረት ፋብሪካ ተስማሚውን ብረት በአገር ውስጥ ማምረት መቻሉን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ፈጣን ባቡርና ሮኬት የምትሠራ አገር ናት፤ ያስቸገራት የእስክሪብቶ ጫፍ ነበር።

ልከኝነት ሲባል ብዙ ሰው ምንም ስህተት የሌለበት ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን በዓለም ላይ የለም። ልከኛ ሥራ ማለት ስህተቱ እስከ ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ወስኖ ከዚያ አለመውጣት ነው። የመሐንዲስ ሥዕል ላይ «80 ሚሊሜትር፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.01» ተብሎ ሲጻፍ፣ ድካሙም ዋጋውም ያለው በ80ው ላይ ሳይሆን በ0.01ዷ ላይ ነው። ሁለት አካላት በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ስንት ይሁን?

የምናወራበትን ትንሽነት ለመገመት ያህል፣ ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ተራ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚያ ጋር እኩል ወይም እስከ ግማሹ የቀጠነ ነው። ማይክሮን የሚባለው የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነውና ወረቀቱ 100 ማይክሮን ይሆናል ማለት ነው።

መሣሪያው የሚያሳየውና የሚያውቀው

የገበያ ሚዛን አስቡ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት አሥር ጊዜ ብታስቀምጡበት አሥሩንም ጊዜ 950 ግራም ካለ፣ ሚዛኑ አይዋዥቅም፤ እውነቱን ግን አይናገርም። ሌላው ሚዛን አንዴ 980፣ አንዴ 1,030፣ አንዴ 990 ቢል፣ በአማካይ ከእውነቱ አይርቅም፤ በአንድ ጊዜ ንባቡ ግን አይታመንም። የመጀመሪያው ሚዛን ስህተቱ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛውን ደጋግሞ ከመለካት በቀር መላ የለውም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መለኪያ የሚገዛ ሰው ስለ ሁለቱም ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

ዕቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ ስፋቱን የሚለካው ዲጂታል ካሊፐር ላይ ሦስተኛ ወጥመድ አለ። ስክሪኑ እስከ 0.01 ሚሊሜትር ያሳያል፤ ጥሩ የሚባለው ባለ 150 ሚሊሜትር ካሊፐር እንኳ የሚፈቀድለት ስህተት ግን ሲደመር ሲቀነስ 0.02 ነው። ስለዚህ 25.43 ሲል እውነቱ ከ25.41 እስከ 25.45 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻዋን አሃዝ አምኖ ብረት መቁረጥ አይገባም።

ባትሪ የማይጠይቀው ባለ መስመር ካሊፐር ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየር እ.ኤ.አ. በ1631 ያወጣውን ዘዴ ይጠቀማል። አነባበቡ ከመሰለው ይቀላል። የተንሸራታቹ ዜሮ በዋናው ማስመሪያ ላይ 23ን አልፎ 24 ሳይደርስ ቆሟል እንበል፤ 23 ያዙ። ከዚያ ከተንሸራታቹ 50 መስመሮች መካከል ከዋናው መስመር ጋር ቀጥ ብሎ የገጠመውን ፈልጉ። 17ኛው ከሆነ በ0.02 አባዙት፤ 0.34 ይመጣል። ልኬቱ 23.34 ሚሊሜትር ነው። የትኛው መስመር እንደገጠመ መለየት ካቃታችሁ መጀመሪያ ዓይናችሁ ከፊት ለፊቱ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከጎን ያየ ሰው ሌላ መስመር ያነባል።

የካሊፐር ትልቁ ድክመት ግን ከቅርጹ ይመጣል። የሚለካው ዕቃ በመንጋጋዎቹ መካከል፣ የሚነበበው መስመር ደግሞ ከዚያ በላይ ሴንቲሜትሮች ርቆ ነው ያለው። አጥብቃችሁ ስትጫኑ ተንሸራታቹ መንጋጋ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ልኬቱም አንሶ ይነበባል። ጀርመናዊው ኧርንስት አበ እ.ኤ.አ. በ1890 መርሁን ሲያስቀምጥ የሚለካው ነገርና መለኪያው በአንድ መስመር ላይ ይዋሉ አለ። ካሊፐር ይህን አያሟላም። ስለዚህ ዕቃውን በመንጋጋው ጫፍ ሳይሆን በተቻለ መጠን ወደ ማስመሪያው አስጠግታችሁ ያዙት፤ ሲነካ ይበቃል፣ አትጭመቁት።

ዕቃን በብሎን እየተጠጋ የሚለካው ማይክሮሜትር መርሁን ያሟላል። በውስጡ ያለው ብሎን በአንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ የሚዞረው እጀታ ዙሪያውን 50 ቦታ ተከፍሏል፤ ስለዚህ አንዷ ክፍል 0.01 ሚሊሜትር ናት። ጫፉ ላይ ያለችው ጠቅ ጠቅ የምትል ማጥበቂያ የተሠራችው የእያንዳንዱ ሰው እጅ ጉልበት ስለሚለያይ ነው። እሷን ትታችሁ እጀታውን በጉልበት ካዞራችሁ ብሎኑ እንደ ሞርሳ ይጨምቃል፣ ንባቡም ያንሳል። ከመለካታችሁ በፊት መንጋጋውን ንጹሕ ወረቀት ላይ ዝጉና ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ የቀረ ብናኝና ዘይት ጠርጎ ይወጣል። ከዚያ ባዶውን ዘግታችሁ ዜሮ ማለቱን እዩ። ይህች የግማሽ ደቂቃ ሥራ ተዘልላ የተበላሸው ብረት ብዙ ነው።

ሙቀትም አለ። አንድ ሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ወደ 11.5 ማይክሮን ይረዝማል፤ አሉሚኒየም እጥፍ ያህል። የአንድ ዕቃ ልክ ሲነገር «በስንት ዲግሪ?» የሚል ጥያቄ አብሮ መኖር ስላለበት፣ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1931 በ20 ዲግሪ ላይ ተስማማ። ሥዕል ላይ ያለ ማንኛውም ቁጥር ሌላ ካልተባለ በቀር የ20 ዲግሪ ቁጥር ነው።

ፒስተንና ሲሊንደር

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሲሠራ ያሠቃየው ሐሳቡ አልነበረም፤ ክብ ሲሊንደር ማጣቱ ነበር። እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ በሚመላለሰው በፒስተኑ ዙሪያ እያመለጠ አስቸገረው። መፍትሔው የመጣው መድፍ ይቦረቡር ከነበረው ከጆን ዊልኪንሰን ነው። ስፋቱ 50 ኢንች፣ ማለትም 1.27 ሜትር የሆነ ሲሊንደር ቦርቡሮ ሰጠ፤ የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተንም ስህተቱ ከአሮጌ ሽልንግ ሳንቲም ውፍረት እንደማይበልጥ በአድናቆት ጻፈ። ዘመኑ የእንፋሎት ዘመን እንዲባል ያበቃው አንዱ ያ የሳንቲም ውፍረት ነው።

ዛሬ በተለመደ የቤት መኪና ሞተር ውስጥ በአሉሚኒየም ፒስተንና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ለምን ዜሮ አልሆነም? ስፋቱ 80 ሚሊሜትር የሆነ ፒስተን በ60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.10 ሚሊሜትር ያድጋል፤ የብረት ሲሊንደሩ በዚያው ሙቀት የሚያድገው 0.05 ብቻ ነው። በልዩነቱ ምክንያት ክፍተቱ በ0.05 ይጠባል። ፒስተኑ ደግሞ ከላይ እሳቱን ስለሚቀበል አናቱ ከታችኛው ክፍሉ የበለጠ ይሞቃል። ለዚህ ነው ፒስተን በዓይን ክብ ቢመስልም በትክክል ሲለካ በጥቂቱ ሞላላ፣ ወደ ላይም ቀጠን ያለ ሆኖ የሚሠራው፤ ሲሞቅ ወደሚፈለገው ቅርጽ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ፒስተኑን አናቱ ላይ ለክቶ «ክፍተቱ ሰፊ ነው» ይላል። የሚለካው ፒስተኑን የሚይዘው ፒን ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር መስቀለኛ በሆነው አቅጣጫ፣ ከታች በኩል፣ የሞተሩ መመሪያ በሚሰጠው ከፍታ ላይ ነው።

ሲሊንደሩን ደግሞ በአንድ ቦታ ለክቶ መተው አይበቃም። የቀዳዳን ውስጣዊ ስፋት የሚለካውን ባለ ሰዓት መለኪያ በማይክሮሜትር ዜሮ ካደረጋችሁ በኋላ በሦስት ከፍታ፣ በእያንዳንዱም በሁለት አቅጣጫ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ ለኩ። ከፍተኛው መበላት የሚጠበቀው የላይኛው ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ተመልሶ በሚወርድበት ቦታ ነው፤ እዚያ የቃጠሎው ግፊት ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ ዘይቱም የሳሳ ነው። ከላይ 80.09፣ ከታች 80.02 ካገኛችሁ ሲሊንደሩ በ0.07 ሾጥጧል ማለት ነው። አዲስ ፋሻ ብቻ ቢገባበት በእያንዳንዱ ምልልስ ሲከፈትና ሲዘጋ ይኖራል፤ ዘይት መብላቱና ሰማያዊ ጭሱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሲሄድ አንድ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ፒስተኖቹ ይገዙ፣ ከዚያ ይቦርቦር። ለተቦረቦረ ሲሊንደር ሰፋ ተደርገው የሚሠሩ ፒስተኖች በ0.25፣ በ0.50 ሚሊሜትር እየጨመሩ ይመጣሉ፤ ግን 80.50 የተባሉ አራት ፒስተኖች ሲለኩ በማይክሮኖች ይለያያሉ። ባለሙያው እያንዳንዱን ለክቶ፣ የሚፈለገውን ክፍተት ጨምሮ፣ ሲሊንደሩን ለዚያ ለራሱ ፒስተን ይሠራዋል፤ ቁጥርም ይጽፍበታል። ካርቶን ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ መቦርቦር ያው በግምት መሥራት ነው።

የሙቀቱ ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፀሐይ ላይ የቆየ ያ 80 ሚሊሜትር ፒስተን ከሥራ ክፍሉ በ25 ዲግሪ በልጦ ቢሞቅ ከ0.04 ሚሊሜትር በላይ አድጎ ይለካል። የክፍተቱን አብዛኛውን ክፍል ያህል ስህተት ነው። በእጅ ተይዞ በ10 ዲግሪ መሞቁ እንኳ 0.017 ያመጣል። ፒስተኑ፣ ብሎኩና ማይክሮሜትሩ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይደሩ፤ ጠዋት ይለኩ።

ፋሻው ራሱ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ክፍተት አለው። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተኑ አናት እየገፋችሁ ቀጥ አድርጉት፤ ከዚያ ውፍረታቸው በሚታወቅ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ለኩ። በተለምዶ ለ80 ሚሊሜትር ሲሊንደር 0.3 አካባቢ ይፈለጋል፤ መመሪያው ሌላ ካለ መመሪያው ይቀድማል። ከጠበበ ሲሞቅ ሁለቱ ጫፎች ተገፋፍተው ግድግዳውን ያርሱታል። በትንሹ የሰፋ ግን ጥቂት ጋዝ ያሳልፋል እንጂ ሞተር አይሰብርም። የሁለቱ ስህተቶች ዋጋ እኩል አይደለም፤ ጥርጣሬ ሲኖር ወደየት ማዘንበል እንደሚሻል ከዚህ ይታወቃል።

ንብ የምትፈቅደው ልክ

ሚሊሜትርን ለሺህ ሳይከፍሉ ልከኛ መሆን የሚጠይቅ ሥራም አለ። አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የተገነዘበው ነገር ዘመናዊውን ቀፎ ወለደ፦ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ገደማ የሆነን ክፍተት መተላለፊያ ነው ብለው ይተዉታል። ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል፤ የሰፋውን በእንጀራ ይሞሉታል። እንጀራው የሚሠራበት የእንጨት ፍሬም ከቀፎው ግድግዳ በ4 ሚሊሜትር ከራቀ ይጣበቃል፤ በ15 ከራቀ በመካከሉ ሌላ እንጀራ ይሠራበታል። በሁለቱም መንገድ ፍሬሙ ሲሳብ ማር ይቀደዳል፣ ንብ ይጨፈለቃል፣ ቤተሰቡም ይቆጣል።

በአገራችን የሽግግር ቀፎ የሚባለው ከላይ በሚደረደሩ የእንጨት ዘንጎች ይሠራል። ለአፍሪካ ንብ የዘንጉ ስፋት 32 ሚሊሜትር ነው፤ የእንጀራው ውፍረትና መተላለፊያው ተደምረው የሚመጡበት ልክ ነው። አናጺው 33 ቢያደርገው ምን ይጎዳል? ንቦቹ በራሳቸው ልክ ከቀጠሉ አንድ ዘንግ በተሻገሩ ቁጥር እንጀራቸው ከዘንጉ መካከል በ1 ሚሊሜትር ይርቃል። 16ኛው ላይ ሲደርሱ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ግማሽ ዘንግ ስተዋል፤ እንጀራው በሁለት ዘንጎች መገጣጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቀፎ ሳይሰብሩ መክፈት አይቻልም። በእያንዳንዱ ዘንግ መካከል ቀጭን የሰም መስመር መለጠፍ ንቦቹን ወደ መካከል ስለሚመልሳቸው ይረዳል፤ ሰፊ ስህተትን ግን አያድንም።

ስህተቱ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ እርጥብ እንጨት ነው። እንጨት ወደ ርዝመቱ ብዙም አይሸሽም፤ ወደ ጎኑ ግን ሲደርቅ በመቶ 6 ያህል ሊሸሽ ይችላል። እርጥብ ሆኖ 32 የተቆረጠው ደርቆ 30 ይሆናል። 28 ዘንግ ባለው ቀፎ ላይ በድምሩ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይተርፋል። መጀመሪያ ይደርቅ፣ ከዚያ ይቆረጥ። ሁለተኛው በር የቆረጡትን ዘንግ ለሚቀጥለው መለኪያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእርሳስ መስመር ውፍረት ይበልጣል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፤ ሃያኛው ላይ ሌላ ዕቃ ሆኗል። አንድ ፎርማ በጥንቃቄ ተሠርቶ ይቀመጥ፤ ሁሉም ከእሱ ይለካ። ይበልጥ የሚሻለው መጋዙ አጠገብ ማቆሚያ እንጨት ቸንክሮ ሁሉንም እዚያ እያስደገፉ መሰንጠቅ ነው።

ንቧ ራሷስ? የእንጀራው ቀዳዳ ግድግዳ ውፍረቱ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከወረቀት ይቀጥናል። ባለ ስድስት ጎን መሆኑ ቦታውን በትንሹ ሰም ለመከፋፈል የተሻለው ቅርጽ ስለሆነ ነው፤ ቶማስ ሄልስ ይህን በሒሳብ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም እንጀራን አስጠግቶ ያየ ሰው ሁሉም ስድስት ጎን እንዳልሆነ ያያል። ከሠራተኛ ንብ ቀዳዳ ወደ ሰፊው የድንጉላ (የወንድ ንብ) ቀዳዳ በሚሸጋገሩበት ድንበር ላይ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ጎን ቀዳዳዎች እየገቡ ልዩነቱን ያቻችላሉ። በየመንገዱ ትንሽ እየጣሱ ጠቅላላውን ሳያፈርሱ ማለፍ ነው፤ ይህ ውብ ሥራ ነው።

ንቧን በካሜራ

ንብን በሕይወት መጠኗ፣ ማለትም 1 ለ1፣ በማክሮ ሌንስ ስታነሡ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲጨምር ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል፣ ጥርት የሚለው ውፍረትም ይጨምራል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነው) በኤፍ/2.8 አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ያህል፣ በኤፍ/8 አንድ ሚሊሜትር ገደማ፣ በኤፍ/16 ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ነው። ንቧ ደግሞ ከአፍ እስከ ጭራ 12 ሚሊሜትር ያህል አላት። ካሜራ በእጁ የያዘ ሰው ሲተነፍስ ብቻ ከዚህ በላይ ይወዛወዛል።

«ታዲያ ኤፍ/32 ላይ አድርጌ ልገላገል» ማለት አያዋጣም። በ1 ለ1 ላይ ኤፍ/16 በተግባር እንደ ኤፍ/32 ነው የሚሠራው። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ይበተናል፤ አንዲት ነጥብ ወደ 0.043 ሚሊሜትር ክብ ትሰፋለች። ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.006 ነው፤ ስለዚህ አንዷ ነጥብ ሰባት ፒክስል ትሸፍናለች። ጥልቀቱ ጨምሮ ሁሉም ነገር እኩል ይደበዝዛል። ለአንድ ፎቶ ከኤፍ/8 እስከ ኤፍ/11 ያለው ጥሩ ማስታረቂያ ነው።

አበባ ላይ ላለች ሕያው ንብ አውቶ ፎከሱን አጥፉ። ማጉላቱን 1 ለ1 ላይ አስቀምጡና ቀለበቱን አትንኩት፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ ሰውነታችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት አዝልቁ፣ ዓይኗ ሲጠራ ደጋግማችሁ አንሡ። ክንፏስ? ንብ በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ታራግባለች፤ የክንፏ ጫፍ በሰከንድ ወደ 7 ሜትር ይሄዳል። በ1/2000 ሰከንድ ሸተር (የካሜራው መክፈቻ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) እንኳ ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ሸተሩ ሳይሆን ፍላሹ ነው። ተራ ፍላሽ ኃይሉ ወደ 1/32 ወይም 1/64 ሲቀነስ ብርሃኑ የሚቆየው በ1/20000 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ክንፉ በዚያ ጊዜ የሚሄደው 0.35 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሲቀነስ ብርሃኑ ስለሚያንስ ፍላሹን ከሌንሱ ጫፍ አጠገብ አቅርቡት፤ ፊቱንም በነጭ ማለስለሻ ሸፍኑት።

ሙሉ አካሏ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት እንዲል ከተፈለገ ብዙ ፎቶ ተነሥቶ በኮምፒውተር ይዋሐዳል። ለዚህ ነፍሳቱ መቆም አለባቸው፤ በደጋው ብርዳም ጎሕ ላይ፣ ፀሐይ ሳያሞቃቸው፣ አበባ ላይ በብርዱ ደንዝዘው የሚያድሩትን ፈልጉ። ካሜራው በትራይፖድና በሚንሸራተት ሐዲድ ላይ ይሁን። ኤፍ/5.6 ላይ፣ ፎቶው ተለጥጦ ሲታይም እንዲጠራ፣ በየ0.2 ሚሊሜትር ወደ ፊት እየሄዳችሁ አንሡ፤ ለ12 ሚሊሜትር 60 ፎቶ ይሆናል። እርምጃው ጥርት ከሚለው ውፍረት በልጦ ከሰፋ በመካከሉ ደብዛዛ ቀለበት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ያልተነሣውን አይፈጥርም። መጋለጡንና የነጭ ሚዛኑን በእጅ ቆልፉ፤ አለዚያ ከፎቶ ፎቶ ብርሃኑ እየተለወጠ በውሕደቱ ላይ እርከን ይሠራል። ሐዲዱን ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ ሁለት ሰከንድ ይጠበቅ፤ ካሜራው መንቀጥቀጡን ይጨርስ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አንቴናው ነው። ሌላው አካል ቆሞ እያለ እሱ በትንሽ ነፋስ ይነቃነቃል፤ ውሕደቱ ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጉዞው ከአንቴናው ይጀመር፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ፎቶዎች ነፋሱ ፋታ በሰጠበት ቅጽበት በፍጥነት ይነሡ፤ የአበባው አንገትም አጠገቡ በተተከለ ቀጭን እንጨት ላይ በመቆንጠጫ ይያዝ። አንቴናው በመካከል ከተንቀሳቀሰ ቀሪዎቹን 50 አትቀጥሉ፤ ሐዲዱን ወደ መጀመሪያው መልሳችሁ ከአንድ ጀምሩ።